የገበያነሽ ድምፅና የጭላሎ ጉም

ሐዋሳን ያኔ «አዋሳ» ነበር የምንላት። በአብዮቱ ዘመን ፒያሳ ላይ አንድ የልብስ ስፌት ኅብረት ሥራ ማኅበር ነበር፤ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የዘበኛ ካኪ፣ በዓል ሲደርስ ደግሞ ቀይ ባንዲራ ይሰፋበታል። በሩን ከፍቶ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው የሲንጀሮቹ ጩኸት ነው። «እንደምን ዋላችሁ» ብትሉ አፋችሁ ሲላወስ አይተው ነው የሚመልሱላችሁ እንጂ ማንም አይሰማችሁም። በመስኮቱ በኩል ካሉት ሲንጀሮች አንዱ ላይ የምትቀመጠው ገበያነሽ ነበረች። ወፈር ያለች፣ አርባ ዓመት ያለፋት፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ሳቅ የማይለያት የወላይታ ልጅ። ከተማዋ ገና ጥቂት ቤት ሳለች ከእናቷ ጋር መጥታ፣ እዚሁ አድጋ፣ ግንበኛውን ሙሴን አግብታ፣ ታቢታ የምትባል ልጅ ወልዳ ኖራለች። እንግዲህ ይኼ የማንኛችንም ኑሮ ነው፤ ይህን ያህል የሚወራለት አይደለም።

የሚወራለት ድምፅዋ ነው። የምትሄድበት ጸሎት ቤት ከመታሸጉ በፊት ገበያነሽ የመዘምራኑ መሪ ነበረች። ኧረ ምን ዓይነት ድምፅ! እሑድ ጠዋት እሷ ስትጀምር ሐይቅ ዳር መረብ የሚጎትቱት ሰዎች ቀና ይላሉ ይባል ነበር። የሐዋሳ ሰው ማጋነን ስለሚወድ ግማሹን ቀንሱለት፤ ግማሹም ቢሆን ቀላል አይደለም።

ከዚያ ያ ዘመን መጣ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰዎች መጥተው ምእመናኑን አስወጡ፤ ቁልፉ ተወሰደ፣ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ በሰም ታሸገ። ገበያነሽ ከአጥሩ ውጪ ቆማ ታይ ነበር። ሰሙን በክብሪት እያቀለጠ በሩ ላይ ያንጠባጠበው ወጣት ጉልላት ይባላል፤ የቀበሌ ካድሬ ነው። እሱን ያን ቀን ብቻ አይታው ቢሆን ኖሮ ትረሳው ይሆናል። ጥቂት ቆይቶ ግን፣ አይጣል ነው መቼም፣ የዚሁ የስፌት ማኅበር የፖለቲካ ኃላፊ ሆኖ ተመደበ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ያንን ፊት ማየት ዕጣዋ ሆነ።

ምእመናኑ በየቤቱ ተበተኑ። አመሻሽ ላይ በአንዱ ሰው ሳሎን ይሰበሰቡና መጋረጃው ይዘጋል፣ ሬዲዮው ከፍ ይደረጋል፣ በሬዲዮው ሥር በሹክሹክታ ይዘመራል። ጭብጨባው ሳይቀር በአንድ ጣት ነው፤ ሌባ ጣት መዳፍ ላይ ጠብ፣ ጠብ። ግድግዳም ጆሮ ነበረዋ! ገበያነሽ ይህ አልበቃ ብሏት ሥራ ቦታ የራሷን ዘዴ ፈጠረች። በሲንጀሩ ጩኸት ሥር፣ ከንፈሯን እምብዛም ሳታላውስ፣ ታንጎራጉራለች። ዜማው ከፍ ሲል ፔዳሉን ጠበቅ አድርጋ ትረግጣለች፤ ዝቅ ሲል ታቀዘቅዘዋለች። አዝማቹ ላይ ስትደርስ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። ማንም ያላወቀባት ይመስላት ነበር። አጠገቧ ቆመው ጨርቅ የሚቆርጡት ሙህዲን ግን፣ ጢማቸው ሸበት ያለ፣ ቀልድ አዋቂ የስልጤ ሰው፣ በፔዳሉ ምት ብቻ የትኛው መዝሙር እንደሆነ ለይተው ያውቁት ነበር። አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላሉም።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። አንድ እሑድ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ለስብሰባ ወጥቶ፣ ምእመናኑ በአንዲት እህት ቤት ተሰብስበው ሳለ፣ «ዛሬ ጎረቤት የለም፤ እስቲ አንዴ እንደ ድሮው በድምፅ እንዘምር። ገበያነሽ፣ ምሪን» አሏት። ገበያነሽ ደስ ብሏት ተነሣች። አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ያው ሹክሹክታ ነው። ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ውሃ ጠጣች፣ ደግማ ሞከረች። ውሃ እንደጠፋበት ቧንቧ ትንፋሽ ብቻ ያፏጫል። ሰዎቹ «ብርድ ይዞሽ ነው» ብለው አለፉት። እሷ ግን ቤቷ ገብታ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች።

«ሙሴ፣ ድምፄ ሞቷል» አለችው ባሏን።

«ድምፅ ይሞታል እንዴ? ሲሚንቶ ነው የሚደርቀው?»

«ሞቷል ስልህ! የሸሸግኩበት ቦታ ሞቶ ቀረ።»

ሙሴ ሊያስቃት ፈልጎ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ግን ቀልዱን ተወና አጠገቧ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያነሽ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ ሰው በሌለበት ቦታ ቆሞ፣ ማንንም ሳይፈሩ፣ አንድ ጊዜ አፍን ሞልቶ መዘመር። ድምፅዋ አለ ወይስ የለም? እሱን ማወቅ። ቀላል ይመስላል። እስቲ ሐዋሳ ውስጥ ሰው የሌለበት ቦታ ፈልጉ! ሐይቅ ዳር ብትሄድ ዓሣ አጥማጁና ሽርሽር የወጣው ካድሬ አለ። ታቦር ተራራ ብትወጣ የሚያጠና ተማሪ ከየድንጋዩ ሥር ብቅ ይላል። አላሙራ ኮረብታ ብትሄድ እንጨት ለቃሚው። ገበያነሽ ሁሉንም ሞክራ፣ ሁሉም ቦታ ሰው አግኝታ፣ ሰላም ብላ ተመለሰች።

በዚያ ዓመት የስፌት ማኅበሩ በምርት ውድድር ሁለተኛ ወጣ። ሽልማቱ ስኳር ነው ብሎ ያላሰበ አልነበረም፤ ቢያንስ ሳሙና። ጉልላት ያችን ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ መቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ቆመና፣ «ጓዶች! አርሲ ውስጥ በተዘጋጀው፣ በመንገድ መሪ በሚካሄደው የጭላሎ ተራራ ጉዞ ላይ ከማኅበራችን አራት ጓዶች ይሳተፋሉ! ተፈጥሮንም በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን!» አለ። ጭብጨባው ቀዝቃዛ ነበር። በካውያ የምትተኩሰው ወጣቷ ሽታዬ፣ «ተራራ ሻይ ውስጥ ይገባል እንዴ?» ብላ አጉረመረመች።

«ጭላሎ ደግሞ ምንድነው?» ጠየቀች ገበያነሽ ወደ ሙህዲን ዘንበል ብላ።

«ጥንት እሳት ይተፋ የነበረ ተራራ ነው። ለንግድ አሰላ ስመላለስ ከታች አየው ነበር። ጫፉ ላይ ብርድና ጅብራ የሚሉት ተክል እንጂ ሌላ ነገር የለም አሉ።»

«ሰውስ?»

«እዚያ ሰው ምን ሊሠራ ይወጣል?»

የገበያነሽ እጅ ተነሣ። ቤቱ በሳቅ አውካካ። ደረጃ ስትወጣ «ኧኸ» የምትል ሴት! ጉልላትም ፈገግ ብሎ «ጓዲት ገበያነሽ፣ ጉልበትሽስ?» አላት። «ጉልበቴም አብሮኝ ይወጣል፣ ጓድ» አለችው። ሙህዲን ለጥቂት ጊዜ አዩዋትና የራሳቸውንም እጅ አነሡ። ሽታዬ አሰላን አይቼ አላውቅም ብላ ተጨመረች። አራተኛው ሰው ማን እንደሆነ ግን ማኅበሩ አልተጠየቀም፤ ራሱ ጉልላት ነበር። ከሰው ርቃ ልትሄድ ብላ፣ ከሰው ሁሉ የምትፈራውን ይዛ መውጣቷ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኼ አይደል? ቢሆንም እጇን አላወረደችም።

የይለፍ ወረቀታቸውን ይዘው፣ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው፣ በሻሸመኔ አድርገው፣ በኮፈሌና በበቆጂ አቧራ እየቃሙ አሰላ ገቡ። በማግስቱ ማለዳ ከሌሎች ማኅበራት የመጡት ተጓዦች ሲቀላቀሉ ከመንገድ መሪያቸው ጋር ተዋወቁ። ኦቦ ደበሌ ይባላሉ፤ ብርድ ልብስ ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ፣ ረጅም ዱላ የያዙ፣ እዚያው ተራራው ሥር የተወለዱ የአርሲ ሰው ናቸው። ለእያንዳንዱ ሰው ነጭ ሽንኩርት አደሉ።

«ራስ ሲያዞራችሁ አኝኩት» አሉ። «ቀስ ብላችሁ ውጡ። አታውሩ፤ ወሬ ትንፋሽ ይበላል። ዛሬ ጉም የለም፣ ሰማዩ ጥሩ ነው።»

«አታውሩ» ሲሉ የሽታዬ ፊት ጠቆረ።

መጀመሪያ ገብስ ማሳ፣ ቀጥሎ ጥድና ኮሶ፣ ከዚያ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ መጣ። ጉልላት በተወለወለ ጫማው ከፊት ከፊት ይሄዳል፤ ከኦቦ ደበሌም ይቀድማል፤ ቆም ብሎ «በርቱ ጓዶች!» ይላል። ገበያነሽ መጨረሻ ነበረች። ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ይደልቃል፣ አየሩ ወደ ሳንባዋ አልገባ አላት። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ሥራዋ የጠቀማት። ከባድ ካኪ ሲሰፋ ፔዳሉ በዝግታ፣ ሳይቋረጥ ነው የሚረገጠው፤ የቸኮለ ሰው ክር ይበጥሳል፣ መርፌ ይሰብራል። ገበያነሽ ያንን ምት በልቧ ይዛ እግሯን በእሱ ትጥል ጀመር። እየቆየ አንዱን አለፈች፣ ሌላውን አለፈች። ሙህዲን ከኋላዋ እያለከለኩ «አንቺ ሴት፣ ዩኒፎርም ነው እንዴ የምትሰፊው?» አሏት። ለመሳቅ ትንፋሽ አልነበራትም።

ዛፍ የሚባል ነገር አልቆ ሣርና ጅብራ ብቻ ሲቀር ጉልላትን አገኙት። ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ሥር ተቀምጧል፤ ፊቱ አመድ መስሏል፣ አስመልሶታል። ኦቦ ደበሌ ግንባሩን ነኩት። «አንተ ከዚህ አታልፍም። ከፍታው አልተስማማህም። እዚችው ድንጋይ ሥር ቁጭ በል፣ ነጭ ሽንኩርትህን አኝክ፣ ስንመለስ እንወስድሃለን። እንዳትነሣ» አሉት። ጉልላት ክብሩን ሰብሰብ አድርጎ፣ «እሺ፤ እኔ እዚህ ሆኜ ሁኔታውን እከታተላለሁ» አለ።

ገበያነሽ ደስ አላት። በሰው መታመም ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ «አምላኬ ሆይ፣ ይቅር በለኝ» አለች። ደስታው ግን አልሄደም። ጫፉ ላይ ከድንጋይ በቀር የሚሰማት ማንም የለም ማለት ነዋ።

ጫፉ ላይ ደረሱ። በአንድ በኩል የዝዋይ ሐይቅ ከሩቅ ያብለጨልጫል፤ በሌላ በኩል ጥንት እሳቱ የወጣበት ሰፊ ጎድጓዳ አፍ ሣር ለብሶ ተኝቷል። ሰዎቹ ተቃቀፉ፣ ዳቦ ቆረሱ። ገበያነሽ «እዚያ ጋ ደረስ ብዬ ልምጣ» አለች፤ ሴት እንዲህ ስትል የት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ርቃ ሄደች። ድምፅ የማያሳልፍ ትልቅ ቋጥኝ ከኋላዋ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ እሳቱ አፍ አዙራ ቆመች። ነፋስ ብቻ ነበር። ስንት ዓመት የጠበቀችው ሰዓት ይኸው ነው። እጆቿን ሆዷ ላይ አጣምራ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አፏን ሞልታ ጀመረች።

ሹክሹክታ።

ደግማ ጀመረች። ሹክሹክታ። ዓይኗን ገልጣ ወደታች ስታይ ቀኝ እግሯ መሬቱን ይረግጣል። ይረግጣል! ሲንጀር የለ፣ ፔዳል የለ፣ ሰው የለ፤ እግሯ ግን ድምፅዋን ሊሸፍንላት እዚያ ጫፍ ድረስ ተከትሏት መጥቶ ይረግጣል። «ተው እንጂ!» ብላ ጭኗን በመዳፏ መታችው። እግሯ ዝም ሲል ድምፅዋም ጭራሽ ጠፋ። እንግዲያው እውነት ነው፤ ሞቷል ማለት ነው። ገበያነሽ ቋጥኙ ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ነጠላዋ እስኪርስ አለቀሰች። ሙህዲን ሊጠሯት መጥተው ከሩቅ አይተዋት ነበር፤ እግሯንም አይተዋል። ምንም ሳይሉ ወደኋላ ተመለሱና ከሩቅ ሆነው፣ እንድትሰማቸው፣ ጮክ ያለ ሳል አሰሙ።

ስትመለስ ጉሙ ከእሳቱ አፍ ውስጥ እየወጣ ነበር። ኦቦ ደበሌ ዱላቸውን አነሡ። «ተነሡ! ጉም የለም ብዬ ነበር፤ ተሳሳትኩ። ተያያዙና ተከተሉኝ» አሉ። አንዱ የሌላውን ልብስ ይዞ ወረደ። አምስት እርምጃ ወዲያ ማየት አይቻልም ነበር። ትልቁ ድንጋይ ጋ ሲደርሱ ጉልላት የለም። ያላኘከው ነጭ ሽንኩርት ሣሩ ላይ ወድቋል። ጉሙን ሲያይ ፈርቶ መንገዱን ራሱ ሊፈልግ ተነሥቷል ማለት ነው።

ኦቦ ደበሌ ወደ ግራ አዩ፤ ፊታቸው ተለወጠ። «በዚህ በኩል ገደል ነው» አሉ።

ሁሉም በአንዴ መጮህ ጀመረ። «ጓድ ጉልላት! ጓድ ጉልላት!» ኦቦ ደበሌ ዱላቸውን እያወዛወዙ ዝም አሰኟቸው። «እንዲህ ከጮሃችሁማ ገደል ትከቱታላችሁ! ጉም ውስጥ የብዙ ሰው ጩኸት ከየት እንደሚመጣ አይለይም። እኛ ሰው ሲጠፋብን አንድ ሰው ብቻ ነው የሚጣራ፤ ከአንድ ቦታ፣ ሳያቋርጥ። የጠፋው ያንን ይዞ ይመጣል። ድምፅ ያለው ማነው?» ራሳቸው ሞከሩ፤ ሳል አቋረጣቸው። ሽታዬ ሞከረች፤ ቀጭን ድምፅዋ አንዴ ወጣና ተቆረጠ። ትንፋሽ ያለው ሰው አልነበረም።

«ገበያነሽ» አሉ ሙህዲን።

«አቤት ጋሼ።»

«ፔዳሉን እርገጪ።»

ገበያነሽ ደነገጠች። «ምን አሉኝ?»

«ይኼን ሁሉ ዓመት አጠገብሽ ቆሜ ስቆርጥ ደንቆሮ መሰልኩሽ? እርገጪው፤ ሰው ሊሞት ነው።»

«ድምፅ የለኝም ጋሽ ሙህዲን። ሞቷል። አሁን እዚያ ላይ ሞክሬው መጣሁ!»

«ለራስሽ ነዋ የሞከርሽው። አሁን ሰው ጥሪበት።»

ገበያነሽ ወደ ነጩ ጉም ዞረች። ለማን ነው የምትጠራው? ለጉልላት። ያንን ሰም በሩ ላይ ሲያንጠባጥብ ያየችው ሰው። ጠልታዋለች፤ ይህንን አምላክም ያውቃል፣ እሷም አትክድም። በየጠዋቱ «እንደምን አደሩ ጓድ» እያለች ጠልታዋለች። መጀመሪያ የስብሰባውን መዝሙር፣ ያንን በየበዓሉ የሚዘመረውን ልታነሣ ሞከረች። ከመጀመሪያው መስመር በኋላ ያለውን አታውቀውም፤ ማንም አያውቀውም። ሙህዲን «ተይው፣ ያንቺን!» አሏት። እግሯ መርገጥ ጀመረ። ይርገጥ፤ አልከለከለችውም። ከሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ተነሣ፤ መጀመሪያ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ አንቋረረ፤ ከዚያ ወጣ።

«መንገዱን ባላውቅም፣ መሪውን አውቃለሁ፤
ዓይኔ ባያይ እንኳ፣ ቃሉን እሰማለሁ።»

ወይ ድምፅ! ሽታዬ አፏን በእጇ ያዘች። ኦቦ ደበሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሻክሮ ነበር፣ የድሮው ልስላሴ አልነበረውም፤ ግን ሙሉ ነበር። ገበያነሽ ራሷ ሰማችው፤ እንባዋ ወረደ፣ ድምፅዋ ግን አልተቋረጠም። አንዱን አንጓ ጨርሳ ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደ ሌላው እያለፈች፣ ከዚያች ድንጋይ አጠገብ ሳትነቃነቅ ዘመረች። የቀረው የመጨረሻው አንጓ ነበር። እሱ ደግሞ ድሮ አልነበረም፤ በሩ ከታሸገ በኋላ ምእመናኑ በየሳሎኑ የጨመሩት ነው። ልትጀምረው አየር ስትስብ ከጉሙ ውስጥ ሰው ወጣ። ጉልላት ነው። የኮቱ ኪሶች ተቀድደው ተንጠልጥለዋል፣ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ገበያነሽ አፏን ዘጋች።

ጉልላት መሬት ላይ ተቀመጠ። ሲቆይ ለኦቦ ደበሌ፣ «አንድ እግሬን አንሥቼ ነበር፤ ሥሩ መሬት የለም። ያን ጊዜ ነው የሰማሁት» አላቸው። ገበያነሽን አላያትም። ወረዱ። አሰላ ደረሱ። እስከ ሐዋሳ ድረስ በመኪናው ላይ ስለ መዝሙሩ ያነሣ ሰው አልነበረም፤ ሽታዬ እንኳ አላነሣችም።

ገበያነሽ ቤቷ ስትገባ በሩ ላይ ሆና «ሙሴ! ድምፄ አለ!» አለች። ሙሴ ብድግ ብሎ አቀፋት። ከዚያ ቁጭ ብላ የሆነውን ሁሉ ነገረችው፤ ማን እንደሰማትም ጭምር። ሙሴ ተነሥቶ አንድ ብርድ ልብስና ዳቦ በዘንቢል አደረገላት። በዚያ ዘመን ሰው በድንገት ከሥራ ቦታው ሊወሰድ ይችላል፤ የታሰረ ሰው መጀመሪያ የሚቸገረው በብርድ ልብስ ነው። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» አለች ገበያነሽ ዘንቢሉን እያየች።

«ተጸጸትሽ?» አላት።

«ኧረ በፍጹም! ፈራሁ እንጂ አልተጸጸትኩም።»

ሰኞ ጠዋት ዘንቢሉን ከሲንጀሯ ሥር አስቀምጣ ሥራ ጀመረች። ረፋዱ ላይ ጉልላት ገባ። ኮቱን አልለበሰውም፤ ክንዱ ላይ አጥፎ ይዞታል። በሲንጀሮቹ መሃል ቀጥ ብሎ ወደ መስኮቱ መጣ። ገበያነሽ በእግሯ ዘንቢሉን ነካ አደረገችው፤ ቦታው ላይ አለ። ጉልላት ኮቱን ፊቷ አኖረ።

«ኪሶቹ ተቀድደዋል» አለ። «ድንጋይ ይዟቸው ነው።»

ገበያነሽ ኮቱን ገለበጠች፣ ክር ቀየረች፣ መስፋት ጀመረች። እዚያ ቤት ከገባች ወዲህ ታይቶ የማያውቅ ጠማማ ስፌት ወጣ። እሱ አልሄደም። ጎንበስ ብሎ፣ «ስደርስ አቋረጡት» አላት። እስከዚያ ቀን አንቺ እንጂ አንቱ ብሏት አያውቅም። «መጨረሻውን አልሰማሁትም።»

ገበያነሽ ቀና አለች። ከቀድሞዎቹ አንጓዎች አንዱን መጨረሻው ይኼ ነው ብትለው አያውቅባትም። አጭር፣ ማንንም የማይነካ፣ ዘንቢል የማያስፈልገው አንጓ ሞልቷል። ለማሰብ ጊዜ ፈልጋ፣ በልማዷ፣ ፔዳሉን ጠበቅ አድርጋ ረገጠች።

«እግርዎን ያንሡ» አለ ጉልላት።

«ምን?»

«ያለ ፔዳሉ። በፔዳሉማ ስንት ዓመት ሰማሁት።»

ገበያነሽ እግሯን አነሣች። ሲንጀሩ ቆመ። አጠገቧ ያለችው ሴት ምን ሆነ ብላ የራሷን አቆመች፤ ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሌላው። ያ ሁሌ የሚጮኸው ቤት ጸጥ አለና ውጪ የጋሪ ደወል ተሰማ። ገበያነሽ እጇን ጠማማው ስፌት ላይ አድርጋ፣ ተቀምጣ እንዳለች፣ የመጨረሻውን ዘመረች።

«ደጁን ቢያሽጉትም፣ ቁልፉን ቢወስዱትም፣
የልቤን መዝጊያ ግን ማንም አልነካውም።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ጉልላት ኮቱን ያያል። ፊቱ ቀላ።

«ቁልፉን እኔ አልወሰድኩም» አለ በመጨረሻ፣ ዝግ ባለ ድምፅ። «ሌሎች ናቸው። እኔ ማሸጉን ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ግጥሙ ይስተካከላ!» አሉ ሙህዲን መቀሳቸውን እንደያዙ።

ሽታዬ ሳቋ አመለጣት። ገበያነሽም ሳቀች፤ እያለቀሰች ሳቀች። ጉልላት ፈገግ ሊል ሞክሮ አልሆነለትም። ኮቱን አነሣና ለበሰው፤ አንደኛው ኪስ ገና አልተሰፋም ነበር።

«አይ፣ እንዳለ ይሁን» አላት። «ማሸጉም ግጥሙ ውስጥ አለ።»

ወጣ። ሲንጀሮቹ አንድ በአንድ መጮህ ጀመሩ። ገበያነሽ ያን ቀን ሥራዋን ስትጨርስ ዳቦውን ለሽታዬና ለሙህዲን አካፈለች፤ ብርድ ልብሱን በብብቷ ይዛ፣ በፒያሳ በኩል፣ መንገደኛው ዞር ብሎ እስኪያያት ድረስ እየዘመረች ወደ ቤቷ ሄደች።